የድሮ ሸክላ አዲስ ሕትመት ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ስለ ቴፑ ጠይቁ

የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» በእጁ ማስገባት የፈለገ ሰው ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ቢገባ የሚያገኘው አንድ ዕቃ አይደለም። በ1975 በካይፋ ሬከርድስ የወጣው ኦሪጅናል ሸክላ አለ። ክራምድ ዲስክስ የሚባለው የብራስልስ አሳታሚ በ1986 ያወጣው አለ። «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ ተከታታይ 7ኛ ቅጽ አለ። ከዚያ ወዲህ የታተመ ኤልፒ፣ ማለትም ሙሉ አልበም የሚይዝ ትልቅ ሸክላ፣ አለ። በፋይል የሚወርድ አለ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ማን እንደጫነው የማይታወቅ ሞልቷል። ዘፋኙ ያው ማህሙድ ነው። ድምፁ፣ ዋጋውና ገንዘቡ የሚገባበት ኪስ ግን ይለያያል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እዚህ መንታ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ነው። ትኩረቴ በ60ዎቹ፣ በ70ዎቹና በ80ዎቹ የተሠራው የኛ ሙዚቃ ነው፤ ጃዙም፣ ሶሉም፣ ሮክ የቀመሰውም። አስፈላጊ ሲሆን ከአሜሪካ ጃዝና ከእንግሊዝ ሮክ ምሳሌ አመጣለሁ፤ ምክንያቱም የዳግም ሕትመት ችግር እዚያም እዚህም አንድ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ለምን ተወሳሰበ?

አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲከፍት ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለአገር ፍቅር ማኅበር ነበር። አምሃ ግን ደፍሮ ገባበት። የመጀመሪያ ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ «ትማርኪያለሽ» ነበር። ከዚያ ካይፋም፣ ፊሊፕስም በየፊናቸው አሳተሙ። ፈረንሳዊው አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1969 እስከ 1978 ድረስ ወደ 500 ነጠላ ሸክላና ወደ 30 ኤልፒ እንደወጣ ይገምታል። አምሃ በ1975 አገር ለቆ ወጣ። ቀስ በቀስ ሸክላው ቀረና ዘመኑ የካሴት ሆነ።

እንግዲህ ዛሬ አንድ አሳታሚ እነዚህን ሥራዎች መልሶ ላሳትም ሲል ፊቱ የሚደቀነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ቴፑ የት አለ? የአንዳንዱ ማስተር ቴፕ በደህና ተርፏል። የአንዳንዱ ጠፍቷል። የቀረው ሲጫወት የኖረ ሸክላ ወይም የተበላሸ ካሴት ብቻ የሆነም አለ። የምትገዙት ዕቃ ጥራት የሚወሰነው ፋብሪካ ከመግባቱ በፊት፣ እዚህ ጋ ነው።

መለኪያዎቹ

ከመግዛቴ በፊት አምስት ነገር አያለሁ። እኩል ክብደት አልሰጣቸውም።

ምንጩ። ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ሕትመቱ የተሠራው ስቱዲዮ ውስጥ ከተቀዳው ማስተር ቴፕ ነው? ከቴፑ ቅጂ? ከሸክላ? ከካሴት? ምንጩ ላይ የሌለ ድምፅ በኋላ በኮምፒውተር አይመጣም። ደህና አሳታሚ ምንጩን ሽፋኑ ላይ ወይም መሸጫ ገጹ ላይ በግልጽ ይጽፋል። «ሪማስተርድ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከተቧጨረ ሸክላ የተቀዳም ሪማስተር ይደረጋል።

አሳታሚው ዝም ካለ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። የጆሮ ማዳመጫ አድርጉና ዘፈኑ ሊጀምር ሲል፣ ደግሞም ደብዝዞ ሊያልቅ ሲል ያለውን ጸጥታ አዳምጡ። ሸክላ ላይ ጭረት ካለ በዞረ ቁጥር መርፌው «ጠቅ» ይላል። ነጠላ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ ጠቅታው በየ1.33 ሰከንዱ ይመጣል። ኤልፒ ከሆነ በየ1.8 ሰከንዱ። ሲዲ ወይም ፋይል ላይ እንዲህ በልክ የሚመላለስ ጠቅታ ከሰማችሁ ምንጩ ሸክላ ነው፤ አለቀ። «ከኦሪጅናል ቴፕ የተሠራ» ተብሎ የተሸጠልኝ አንድ ስብስብ ላይ ይህችኑ ጠቅታ ከመግቢያው ሳክስፎን ሥር ቁልጭ ብላ ሰምቻታለሁ።

ይህን ስል ግን ከማስተር ቴፕ ውጭ ያለ ሁሉ አይረባም ማለቴ አይደለም። በ2018 የወጣው የጆን ኮልትሬን አልበም በ1963 የተቀዳ ነው። ማስተሩ ጠፍቷል። የተረፈው ኮልትሬን ሊያዳምጠው ወደ ቤት የወሰደው ሞኖ ቴፕ ነው፤ እሱም በቀድሞ ባለቤቱ በናይማ ቤተሰብ ዘንድ ተገኘ። አሳታሚው ይህን አልደበቀም። ምንጩ ከታወቀ ገዢው የሚከፍልበትን አውቆ ይከፍላል። ችግሩ ሲደበቅ ነው። ሞባይል ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ሸክላዎቹ ከቴፕ በቀጥታ የተቆረጡ ናቸው ተብሎ ሲታመን ኖሮ፣ በ2022 መሃል ላይ ዲጂታል ደረጃ እንዳለበት ሲታወቅ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ድምፁ መጥፎ ስለነበር አይደለም። ሰው የከፈለው ለሌላ ነገር ስለነበር ነው።

አሠራሩ። ጥሩ ምንጭ ይዞም ማበላሸት ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ የቴፑን ሽሽታ ለማጥፋት ሲባል ከመጠን በላይ ይታጠባል። ያኔ ከሽሽታው ጋር ሲምባሉ ይሄዳል፣ የማሲንቆው ጫፍ ይሄዳል፣ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ውስጥ ያለው ትንፋሽም ይሄዳል። እኔ ሽሽታውን እመርጣለሁ። ሁለተኛ፣ ስልክ ላይ ጮክ ብሎ እንዲሰማ ድምፁ ሁሉ እኩል ይጨመቃል፤ ከበሮው ሲመታ የሚሰማው ጉልበት ይጠፋል። ሦስተኛ፣ ፍጥነቱ ይዛነፋል። ቴፑ ትንሽ ከፈጠነ ዘፋኙ ድምፀ ቀጭን ይሆናል። የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ ጆሮ ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልገውም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ሪማስተርና ሪሚክስ ይምታታሉ። ሪማስተር ያለቀውን ቅጂ ማስተካከል ነው። ሪሚክስ ደግሞ ከበሮውን፣ ጊታሩን፣ ድምፁን ለየብቻ አውጥቶ እንደገና መቀላቀል ነው። ቢትልሶች በ2017 በ«ሳርጀንት ፔፐር» 50ኛ ዓመት ያደረጉት ይህንን ነው። የኛ የዚያ ዘመን ሥራዎች ብዙዎቹ ባንዱና ዘፋኙ አብረው፣ በጥቂት ማይክሮፎን፣ በአንዴ የተቀዱ ናቸው። የሚነጣጠል ነገር የላቸውም። ስለዚህ «አዲስ ሪሚክስ» የሚል የአማርኛ የድሮ አልበም ካያችሁ ምን እንደተደረገበት አጥብቃችሁ ጠይቁ። ከበሮ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ ለማን ይደርሳል? ይህ ለኔ የሞራል ጉዳይ ነው፤ አልደብቅም። ሙዚቀኞቹ አርጅተዋል ወይም አልፈዋል። ጌታቸው መኩሪያ በ2016፣ አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ በ2021 አረፉ። በሕይወት ላለው ለራሱ፣ ላለፈው ለቤተሰቡ የሚደርስ ነገር ካለ ያንን ሕትመት አስቀድማለሁ። ከሽፋኑ ጀርባ «በማን ፈቃድ» እንደታተመ የሚገልጽ መስመር ፈልጉ። የመብት ባለቤቱ ስም፣ የአሳታሚው አድራሻ፣ ዓመቱ። አንዱም ከሌለ ተጠራጠሩ። የውጭ ጃዝ የምትሰበስቡ ከሆናችሁ ደግሞ ይህን ዕወቁ፦ በአውሮፓ ኅብረት ከ1963 በፊት የታተሙ ቅጂዎች የጥበቃ ዘመናቸው አልፏል። በጣም ርካሽ የሆኑ የ50ዎቹ ጃዝ ሸክላዎች እዚያ በብዛት የሚታዩት ለዚህ ነው። እዚያ ሕጋዊ ናቸው፤ ግን ለአርቲስቱ ቤተሰብ የመክፈል ግዴታም የለባቸውም፣ ብዙ ጊዜም ምንጫቸውን አይናገሩም።

ጽሑፉ። ማን ትራምፔት ነፋ፣ የት ተቀዳ፣ ግጥምና ዜማው የማን ነው? ይህ መረጃ በኛ አገር በየቤቱና በየሰው ትዝታ ተበትኖ የቀረ ነው። አንድ ሕትመት ሰብስቦ ከጻፈው ዋጋው ከሙዚቃው አይተናነስም።

ጠቅላላ ወጪ። የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም። ማጫወቻ አለ፣ ፖስታ አለ፣ ጉምሩክ አለ።

ኢትዮፒክስ ሲዲዎች

ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፓሪስ አሳታሚ ከፋልሴቶ ጋር በ1997 የጀመረው ተከታታይ ሥራ ነው። ዛሬ ከ30 ቅጽ በላይ ደርሷል። ዓለም የኛን ሙዚቃ ያወቀው በዋናነት በዚህ በኩል ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ዜማዎች በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ከተሰሙ በኋላ 4ኛው ቅጽ ኢትዮጵያን በካርታ ላይ የማያውቅ ሰው ቤት ሳይቀር ገባ።

በመለኪያዎቹ ሲታይ ጥንካሬው ሁለት ነው። አንድ ሲዲ ከ70 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ ይይዛል። ጽሑፉም ጠንካራ ነው፤ ፎቶዎች፣ የባንዶች ታሪክ፣ የተቀዳበት ዓመት አለው። ጽሑፉ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ መሆኑ ግን ይቆጨኛል። የነጋሪት ጋዜጣ ያህል ጠቃሚ ሰነድ ባለቤቶቹ በማያነቡት ቋንቋ ተቀምጧል።

ድክመቱ ስብስብ መሆኑ ነው። አንዳንዱ ቅጽ ከብዙ ነጠላ ሸክላዎች የተለቀመ ነው። አንድን አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በወጣበት ቅደም ተከተል መስማት ለሚፈልግ ይህ አያረካም። ሌላው፣ የቅጽ ቁጥሩ ቅደም ተከተልን አያመለክትም። 2ኛው የ90ዎቹ የከተማ አዝማሪዎች ነው። 5ኛው የትግርኛ ሙዚቃ ነው። 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና ነው። «አንድ ኢትዮፒክስ ግዛልኝ» ብላችሁ ወንድማችሁን ብትልኩት የስዊንግ ጊታር ጠብቃችሁ በገና ሊመጣላችሁ ይችላል። በገናው ግሩም ነው፤ ግን የጾም ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ያዙ። ሙላቱንና በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ የሚፈልግ 4ኛውን። ማህሙድን 7ኛውን። ዓለማየሁን 9ኛውንና 22ኛውን። ጌታቸው መኩሪያን 14ኛውን። ጥላሁንን 17ኛውን። ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን 21ኛውን። ትዝታና እንጉርጉሮ የሚወድ 10ኛውን። ገና ለሚጀምርና የዘመኑን ጠረን ባንዴ ማግኘት ለሚፈልግ 8ኛው ይበቃል፤ የብዙ ድምፃውያን ሥራ አለበት፣ ዳንሱም አለበት።

ያገለገለ ሲዲ ለመግዛት አትፍሩ። ሲዲ ካልተቧጨረ ድምፁ አይቀንስም። ቡክሌቱ መኖሩን ብቻ አረጋግጡ፤ ያለ ቡክሌት ግማሹ ዋጋ ቀርቷል።

ሙሉ አልበም በአዲስ ኤልፒ

ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገበያው ወደዚህ ዞሯል። አልበሙ በወጣበት ቅርጽ፣ በራሱ ሽፋን፣ በራሱ ቅደም ተከተል ይታተማል።

ጥሩ ምሳሌ የሙላቱ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነው። በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ ተቀድቶ ወርዚ ሬከርድስ አወጣው። የለንደኑ ስትረት በ2017 መልሶ ሲያሳትመው በሦስት ሸክላ የመጣ ቅጂ አዘጋጀ፦ ስቴሪዮው፣ ሞኖው፣ ደግሞም ከቀረጻው የተረፉ ሙከራዎች። ሁሉም ሰው ሦስቱን አይፈልግም። አንዱን ሸክላ ብቻ መግዛትም ይቻላል። እኔ ግን ሙከራዎቹን ወድጄያቸዋለሁ። ሙዚቀኞቹ ቅኝቱን ሲፈልጉት፣ ሲስቱት፣ ሲይዙት ይሰማል። አምስት ድምፅ ያለው የኛ ቅኝት ከላቲን ምት ጋር እንዴት እንደተጋባ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ሌላው የኃይሉ መርጊያ ነው። «ሸሞንሟናዬ» በ1985 በካሴት የወጣ ሥራ ነው፤ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን፣ አንድ ሰው ብቻውን። ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካን የመሠረተው ብራያን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ኃይሉን አፈላልጎ በ2013 አሳተመው። ያኔ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዓለምን እየዞረ መድረክ ላይ ወጣ። ይህ አሳታሚ ትርፉን ከአርቲስቱ ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ ይናገራል። ከዋሊያስ ባንድ ጋር የሠራው የ1977ቱ «ቼ በለው» በ2014 ተከተለ። የ«ቼ በለው» ኦሪጅናል በሺዎች ዶላር ሲሸጥ የቆየ ሸክላ ነው። አዲሱ ሕትመት በውስጡ ያለውን «ሙዚቃዊ ስልት»ን ለተራ ሰው ኪስ አወረደው።

ወደ ሮክና ፈንክ የሚያደላ ጆሮ ያለው አያሌው መስፍንን ይፈልግ። ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር የሠራቸው ዘፈኖች ላይ ጊታሩ ያቃጥላል። ደርግ አሰረው፣ ሥራውንም አገደ። ናው አጌን የተባለው የሎስ አንጀለስ አሳታሚ በ2018 «ሐሳቤ»ን ከራሱ ጋር ተስማምቶ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

አሁን ስለ ዕቃው። ሽፋኑ ላይ «180 ግራም» ተብሎ የሚጻፈው ክብደት ብቻ ነው። ወፍራም ሸክላ የተሻለ ድምፅ አለው ማለት አይደለም። ከዚያ ይልቅ በአንድ ገጽ ስንት ደቂቃ እንዳለ እዩ። ከ22 ደቂቃ ወዲያ ከበዛ ድምፁ ዝቅ ብሎ መቆረጥ አለበት፤ ባሱም ይሳሳል። ከሲዲ ስብስብ ወደ ኤልፒ የተዛወረ ከሆነ ደግሞ የዘፈኖቹን ዝርዝር ከሲዲው ጋር አስተያዩ። 70 ደቂቃ በአንድ ሸክላ አይገባም፤ የቀረ ዘፈን ይኖራል።

ማጫወቻውም ወሳኝ ነው። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች መርፌያቸው ከባድ ነው። አዲስ ሸክላ ገዝቶ በእነሱ ማጫወት ቀስ በቀስ ሸክላውን ማረስ ነው። ክብደቱ የሚስተካከል ክንድ ያለው ያገለገለ ማጫወቻ ይሻላል። ለሱ በጀት ከሌላችሁ ኤልፒውን ለጊዜው ተዉት።

ከማህደር የወጡ፣ ከዚህ በፊት ያልታተሙ

ይህ ዘርፍ ከዳግም ሕትመት ይለያል። ሙዚቃው ከዚህ በፊት በገበያ አልነበረም። በጃዙ ዓለም ትልቁ ምሳሌ ቴሎኒየስ ሞንክና ኮልትሬን በ1957 በካርኔጊ አዳራሽ የተጫወቱት ነው። ቴፑ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ በ2005 ተገኘ።

የኛው ምሳሌ እማሆይ ጽጌ ማርያም ናቸው። በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። በ2024 ሚሲሲፒ ሬከርድስ ያወጣው «ሱቬኒርስ» ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ በካሴት የቀዱት ነው። ፒያኖ ብቻ አይደለም፤ ይዘፍናሉ፣ በአማርኛ። ውጭ ያሉት ወፎች ይሰማሉ። ድምፁ የቤት ካሴት ድምፅ ነው፤ ጠበብ ያለ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። በስቱዲዮ መለኪያ ብንለካው ይወድቃል። ነገር ግን በዚያ አስፈሪ ዘመን አንዲት መነኩሲት ቤት ዘግታ ስለ አገርና ስለ ስደት ስትዘፍን መስማት ሌላ የትም አይገኝም። 21ኛውን ኢትዮፒክስ አስቀድማችሁ ግዙ፤ ፒያኗቸውን የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። ከወደዳችሁ ይህንን አስከትሉ።

የማህደር ሥራ ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፣ አርቲስቱ ወይም ቤተሰቡ ፈቅዷል? ሰው ሳይወጣ እንዲቀር የፈለገውን ነገር ማውጣት ደግ አይደለም። ቀጥሎ፣ አልበሙ ራሱን ችሎ ይቆማል ወይስ ለተመራማሪ ብቻ የሚሆን ነው? አንዱን ዘፈን ስምንት ጊዜ የያዘ ባለ ብዙ ዲስክ ሣጥን ለአፍቃሪ በረከት ነው፤ ለጀማሪ ግን ሸክም ነው።

ኦሪጅናል ሸክላ

ኦሪጅናሉን ለድምፅ ጥራት ብላችሁ አትግዙ። ብዙዎቹ ቡና ቤትና ድግስ ቤት ሲያጫውቱ የኖሩ ናቸው። መርፌው ከባድ ነበር፣ አቧራው ብዙ ነበር። ዲስኮግስ በተባለው የሸክላ መገበያያ ድረ ገጽ ላይ «ቪጂ» («በጣም ጥሩ») የተባለው ደረጃ በእንግሊዝኛው ጥሩ ቢመስልም በተግባር ጠቅታው ከዘፋኙ እኩል የሚሰማ ማለት ሊሆን ይችላል። ቢያንስ «ቪጂ ፕላስ» ፈልጉ። ከሻጩም ሲጫወት የተቀረጸ ድምፅ ጠይቁ።

የሚገዛው እንደ ቅርስ ነው፤ ሽፋኑ፣ የአምሃ ወይም የካይፋ ወረቀት፣ ያኔ የታተመው ራሱ። እንደ ኦሪጅናል የሚሸጥ ኮፒ እንዳያጋጥማችሁ መሃል ካለው ወረቀት አጠገብ ያለውን ባዶ ጥቁር ቦታ በብርሃን አዘንብላችሁ እዩ። እዚያ የተቀረጸው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር መግጠም አለበት።

ፋይልና ስትሪሚንግ፣ ካሴትም

ስትሪሚንግ ለመቅመስ ጥሩ ነው። ለመግዛት ግን ፋይሉ ይሻላል፤ በተለይ ባንድካምፕ ላይ። መድረኩ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፤ የቀረው፣ የክፍያ ወጪ ተቀንሶለት፣ ለአሳታሚው ይደርሳል። ፍላክ የሚባለውን፣ ድምፅ ሳይቀንስ የሚታሸግ የፋይል ዓይነት አውርዱ። ድምፁ ከሲዲ አያንስም። የሚጎድለው ጽሑፉ ነው።

ካሴት አዲስ ታትሞ ይሸጣል፤ እንደ ማስታወሻ ጥሩ ነው። ቤታችሁ ያለው የድሮ ካሴት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የ80ዎቹ ብዙ ሥራ በካሴት ብቻ ወጥቶ የቀረ ነው። እንዳትጥሉት። በደህና ማጫወቻ ወደ ፋይል አስቀዱት፤ ሽፋኑንም በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሱ።

በአንድ ላይ ሲታዩ

ዋጋዎቹ በውጭ ገበያ የተለመዱ ግምቶች ናቸው፤ ፖስታና ቀረጥ የለባቸውም።

| አማራጭ | ምንጩ | ጽሑፉ | ለአርቲስቱ የሚደርሰው | ዋጋ | ለማን ይሆናል |
|---|---|---|---|---|---|
| ኢትዮፒክስ ሲዲ | ቴፕም ሸክላም፤ እንደ ቅጹ | በጣም ጥሩ | ያገለገለ ከሆነ ምንም | ከ10 እስከ 20 ዶላር | ለጀማሪ፣ ለአንባቢ |
| ሙሉ አልበም፣ አዲስ ኤልፒ | አሳታሚው ከገለጸ ይታወቃል | ከመካከለኛ እስከ ጥሩ | በፈቃድ ከታተመ ይደርሳል | ከ20 እስከ 35 ዶላር፤ ባለ ሦስቱ ከዚያ በላይ | ማጫወቻ ላለው |
| ከማህደር የወጣ | ብዙ ጊዜ የቤት ቴፕ ወይም ካሴት | አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ | ቤተሰቡ ከፈቀደ ይደርሳል | እንደ ኤልፒው | ለአፍቃሪ |
| ኦሪጅናል ሸክላ | ራሱ ምንጭ ነው | ሽፋኑ ብቻ | ምንም | ከአሥሮች እስከ ሺዎች ዶላር | ለሰብሳቢ |
| ፋይል | ከሕትመቱ ጋር አንድ | ትንሽ ወይም ምንም | በፈቃድ ከሆነ ጥሩ ድርሻ | ከ7 እስከ 12 ዶላር | ለሁሉም |
| ስትሪሚንግ | አይታወቅም | የለም | በጣም ትንሽ | በወር ክፍያ | ለመቅመስ |

እንደየሁኔታችሁ

አዲስ አበባ ያላችሁ የመጀመሪያው እንቅፋት ክፍያው ነው። የውጭ ካርድ ካላችሁ ፋይል ግዙ፤ ቀረጥ የለም፣ ፖስታ የለም። ከሌላችሁ ዘመድ ይግዛላችሁና ሲዲውን ይዞ ይምጣ። ኤልፒ ካስመጣችሁ በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ታሽጎ። ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥ አንድ ከሰዓት ከቆየ ይጣመማል። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እዚያ ፖስታ ቤት ወይም መጋዘን ሙቀት ውስጥ የሚቆይ ኤልፒ ከማዘዝ ሲዲና ፋይል ይሻላል።

ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ቴል አቪቭ ያላችሁና 50 ዶላር ብቻ የመደባችሁ፦ ሁለት ያገለገሉ ኢትዮፒክስ ከነቡክሌታቸው፣ አንድ ፋይል ደግሞ በሕይወት ካለ አርቲስት። የኃይሉ ወይም የአያሌው ይሁን። 100 ዶላርና ደህና ማጫወቻ ካላችሁ «ቼ በለው»ን እና «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን በኤልፒ ያዙ። የመጀመሪያው ለቤት ድግስ ነው፤ ሁለተኛው ከእራት በኋላ ብቻችሁን ለመስማት።

ለእናትና ለአባት ስጦታ ከሆነ የሰብሳቢ ምክር ሁሉ ይቅር። የሚያውቁትን ዘፋኝ ምረጡ፤ ጥላሁንን ወይም ማህሙድን። ቤታቸው ያለው ማጫወቻ የሚያጫውተውን ዓይነት ግዙ። አስቴር ወይም ብዙነሽ ከጠየቁ ደግሞ ኢትዮፒክስ ላይ ብቻ አትፈልጉ፤ ቤት ያለው ካሴት የተሻለ መነሻ ሊሆን ይችላል።

ዕቃው እንደደረሰ በዚያው ሳምንት አጫውቱት፤ ሁለቱንም ገጽ፣ እስከ መጨረሻው። ሸክላውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በዓይን ልክ እዩት፤ ዳርና ዳሩ ከተነሳ ተጣሟል። ቀዳዳው መሃል ካልሆነ ክንዱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ረዘም ያለ የኪቦርድ ድምፅም ይዋልላል። እነዚህ የፋብሪካ ጉድለቶች ናቸው፤ ሻጩ መቀየር አለበት። ደረሰኙንና የመጣበትን ካርቶን እስከዚያ አትጣሉ።